አርባ አንድ ጊዜ የተንኳኳ በር

የተናኘወርቅ ወዳጆ እንጀራ የሰው በር መሞከር ነው። ሌባ ግን አይደለችም። ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ «እባክሽን በራችንን ሞክሪልን» ተብላ ነው የምትሞክረው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ቢሮ አላት፤ እዚያ ተቀምጣ የየመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ስታንኳኳ ትውላለች። ሰርቨር እንግዲህ ድረ ገጽ የሚያድርበት ኮምፒውተር ነው፤ ሰው ከያለበት በኢንተርኔት ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። መሐል መንገድ ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው ወሬያቸውን እንዳይሰማ ጠያቂና ተጠያቂ በምስጢር ቋንቋ ይነጋገራሉ።

ይህ የምስጢር ቋንቋ ደግሞ ያረጃል። ትናንት ሊቅ ያልፈታውን ዛሬ ጎረምሳ ይፈታዋል። ስለዚህ አዲስ ይወጣል፣ አሮጌው ይሻራል፤ ብዙ ሰርቨር ግን «ማን ያውቃል፣ በአሮጌው የሚያናግረኝ እንግዳ ቢመጣስ» ብሎ ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል። የተናኘወርቅ ሥራ ይህን ማጋለጥ ነው። በአዲሱ ታናግረዋለች፣ በአሮጌው ታናግረዋለች፣ ከአሮጌውም በፊት በነበረው ታናግረዋለች፤ የቱ ላይ እሺ እንዳለ ትመዘግብና እንደ ተማሪ ውጤት ትሰጠዋለች፤ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ»። ለሁሉም እሺ የሚል ሰርቨር ይወድቃል። ደግነት የሚያስቀጣበት ሙያ ቢኖር ይህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የጤና ኮሌጅ ሰርቨሩን እንድትፈትሽለት ጠየቃት። ስሙን ተዉት፤ ማንሳቱ ለማንም አይጠቅምም። ኮሌጁ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ተማሪ የምመዘግበው በድረ ገጽ ብቻ ነው፣ ወረቀት አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ምዝገባውም በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ይዘጋል። ተናኘወርቅ ሰኞ ጠዋት ፈተነችው፤ ኤፍ መጣ። ዓለም ሁሉ ከዓመት በፊት «ቀዳዳ አለው፣ ጣሉት» ያለውን አሮጌ ቋንቋ ኮሌጁ ገና አቅፎት ተቀምጧል። ለዲኑ ስትነግራቸው ክው አሉ።

«የስንት ልጅ ውጤትና አድራሻ የሚያልፍበት ነው እኮ! ዛሬውኑ ዝጊልን» አሉ።

መዝጋቱ ሦስት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ከመዝጋት በፊት ግን የሚሠራ ሥራ አለ። ሎግ የሚባለውን፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ የሚጻፍበትን የሰርቨሩን መዝገብ ገልጦ፣ በአሮጌው ቋንቋ የሚመጣ ሰው አሁንም እንዳለ ማየት ነው። ካለ ማን እንደሆነ ጠይቆ «በዚህ ቀን ይዘጋል፣ ተዘጋጁ» ማለት ነው። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ራሷ ናት። ገልጣ አየች። ከሺህ ጠያቂ አራቱ በአሮጌው ይመጣሉ። «ለአራት ሰው ተብሎ ሺህ ሰው አይጋለጥም» አለች ለራሷ፣ ማንነታቸውንም ሳትጠይቅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘጋችው። መልሳ ስትፈትነው ኤ መጣ። የኤዋን ምስል ለዲኑ ላከችላቸው፤ በጣምም ደስ አላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእሷ ዓይነቷ ነው፣ እሷ ግን ማፍሰሷንም ገና አላወቀችም።

አባቷ ቢያዩዋት ምን ይሏት ነበር? አቶ ወዳጆ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መንዝ ውስጥ የጓሳ፣ የጋራው የሣር ምድር፣ ጠባቂ ነበሩ። የጓሳ ሣር በማኅበር ስምምነት ለዓመታት በሚዘጋበት ጊዜ ተራቸው ሲደርስ በፈረስ እየዞሩ ይጠብቁ ነበር። ሣር መሐል ሰው ሲያዩ ግን ከሩቅ አይጮኹበትም። ቀረብ ይሉና «የማን ነህ? ምን ቸገረህ?» ይላሉ። አንዱ በግ ጠፍቶበት ነው፤ አንዱ ሩቅ አገር ከርሞ መዘጋቱን አልሰማም፤ ሌባ የሚሆነው ከአሥሩ አንዱ ቢሆን ነው። «ሳይጠይቁ መያዝ የሰነፍ ጠባቂ ነው» ሲሉ ሰምታ አድጋለች። መስማትና ልብ ማለት ግን ለየቅል ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ወደ ማታ ሎጉን ስትከፍት አንድ አድራሻ ዐይኗን ያዘው። በተሻረው ቋንቋ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይመጣል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ ሲመላለስ ውሏል። በተሻረ ቁልፍ ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሰው በእሷ ሙያ ስሙ አንድ ነው። ቆጠረችው፤ አርባ አንድ ጊዜ። አድራሻውን ለአንድ ወር አገደችው፣ ከዚያ ወዲያም አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣም። በሪፖርቷ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከአንድ አድራሻ አርባ አንድ ጊዜ የተደረገ ሰርጎ የመግባት ሙከራ ተመክቷል። አድራሻው ከታገደ በኋላ ሙከራው ቆሟል።» ዲኑ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ፤ አለቃዋም ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ምነው ሸዋ! የመንዝ ልጅ፣ ያውም እናቷ በየጾሙ እጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ያመላለሰቻት ልጅ፣ አርባ አንድ የሚል ቁጥር ስታይ ምንም አይላትም? እግዚኦታ የሚደረሰው ስንት ጊዜ ነው? የትኛው ሌባ ነው ልክ አርባ አንድ ሲሞላ በቃኝ ብሎ የሚሄድ?

ሲያንኳኩ የዋሉት ጋሽ ወልደ አማኑኤል ነበሩ፤ በአገሯ በቀየት ተናኘወርቅን ሒሳብ ያስተማሩ፣ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት የያዙ ሰው። ጠረጴዛቸው ላይ የትምወርቅ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ተቀምጧል፤ ልጅቷ አምጥታ ሰጥታቸው እቤቷ ሆና ትጠብቃለች። ይህች ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ስትወርድ እስከ ጤና ጣቢያው ከኋላ የሮጠች ናት። አዋላጇ እናቷንም ሕፃኑንም ስታተርፍ በበሩ ስንጥቅ አይታለች። ከዚያ ወዲህ «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ አዋላጅ። ነጥቧ ለጥቂትም ቢሆን ይበቃታል። የቀረው ስሟ እስከ ዓርብ በዚያ በር መግባቱ ብቻ ነበር።

አልገባም። ጋሽ ወልደ አማኑኤል የሚያንኳኩበት ኮምፒውተር ደግሞ የማን መሰላችሁ? የራሷ የተናኘወርቅ። ሥራ በያዘች በዓመቱ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አውቶብስ ላይ ጭና ላስተማራት ትምህርት ቤት አበርክታ ነበር። ያን ቀን ተማሪው ተሰልፎ አጨብጭቦላታል፣ ጋሽ ወልደ አማኑኤልም ግንባሯን ስመዋታል። ፕሮግራሙን የጫነችው እሷ ናት፣ ከስልክ መስመሩ ጋር ያገናኘችውም እሷ። ያ የኢንተርኔት ፕሮግራም አዲሱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ግን ከምርጫዎቹ ግርጌ ያለች አንዲት ባዶ ሳጥን ላይ ምልክት ካልተደረገባት አይናገረውም። ተናኘወርቅ ሳጥኗን ባዶ ትታት ሄደች። ያኔ ማንም ግድ አይለውም ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቀችው ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

በ2009 ለአስተርዮ ማርያም አገሯ ገባች። በማግስቱ ሰኞ ጋሽ ወልደ አማኑኤልን ልትጠይቅ ትምህርት ቤት ሄደች። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ የታጠበ ነጠላ ተከናንቦ እንደ ክብር እንግዳ ጥግ ይዟል።

«ይሄ እስካሁን አለ እንዴ ጋሼ?» አለች እየሳቀች።

«አለ እንጂ! አምና ወረዳው አዲስ ልስጣችሁ ብሎ ነበር። እኛስ የልጃችን አለልን አልሁና ለጎረቤት ትምህርት ቤት አሳለፍሁት።»

ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከወንበራቸው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር የቀራቸው ሰው በገዛ ተማሪያቸው ፊት ቆሙ።

«ተናኜ፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። ዕቃሽን አበላሽቼብሻለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም፣ ስሚኝ። አምና በጥቅምት ሕመም ገባበት። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ የኮሌጁ ገጽ ብቻ አልከፈትልህ አለኝ። ሰኞ ረፋዱን ከፍቼ የሚሞላውን አንብቤበታለሁ። ረቡዕ የአንዲት ልጅ ስም ላስገባ ብል እምቢ አለ። ምኑን እንደነካሁበት እንጃ።»

ተናኘወርቅ ሳቋን አቆመች።

«የየትኛው ኮሌጅ ገጽ?»

ነገሯት።

«ስንት ጊዜ ሞከሩት ጋሼ?»

«አርባ አንድ ጊዜ። በጣቴ አንጓ እየቆጠርሁ፤ በነካሁት ቁጥር እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያልሁ። አርባ አንድ ሲሞላ እንግዲህ ፈቃዱ አይደለም ብዬ ነጠላውን አለበስሁት።»

ቁጥሩ ከአፋቸው ሲወጣ ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደብዳቤ ፊቷ ድቅን አለባት። እሷ አገድሁት ብላ የጻፈችው አልታገደም፤ ጸሎቱን ጨርሶ ነው የሄደው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ያለ ፈቃድ በፊታቸው ተቀምጣ አታውቅም።

«ምነው ታዲያ አይደውሉልኝም?» አለች። «ስልኬ አለዎት። ምነው አንድ ጊዜ ቢደውሉልኝ!»

«ምን ልበልሽ? የሰጠሽን ዕቃ አረጀብን ልበል? ሰው ስጦታ ተቀብሎ ለሰጪው ስሞታ ያሰማል? እኔስ አፌም አይከፈትልኝ።»

አንድ ስልክ። «ጋሼ፣ ከታች ያለችውን ሳጥን ይንኳት» የሚል የአንድ ደቂቃ ወሬ። ልጅቷ ያን ቀን ትመዘገብ ነበር። ተናኘወርቅ ይህን ስታስብ ማልቀስ አማራት፣ ግን የምታለቅስበት ፊት ያላት አልመሰላትም።

ነጠላውን ገለጠችና ኮምፒውተሩን አስነሣችው። እያቃሰተ ተነሣ። የኮሌጁን ገጽ ጠየቀች፤ «ገጹ ሊታይ አይችልም» የሚለው ነጭ ሰሌዳ መጣ። ምርጫዎቹን ከፈተች፣ ወደ ግርጌ ወረደች። ሳጥኗ ከዛሬ ስንት ዓመት በፊት እንደተወቻት ባዶዋን አለች። ምልክት አደረገችባትና እንደገና ጠየቀች። ገጹ ቀስ እያለ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ተከፈተ።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ጋሽ ወልደ አማኑኤል እጃቸውን አጨበጨቡ። «ዳነ! ይሄው ዳነ! እኔ ዓመት ሙሉ ገደልሁት ብዬ... እጅሽ ይባረክ ልጄ። ድሮም እኮ ብዬ ነበር፣ ይቺ ልጅ እጇ መድኃኒት ነው ብዬ ነበር።»

ግንባሯን ሳሟት፣ እንደ ያኔው። ያን ጊዜ ብትሄድ ማን ያውቅባት ነበር? ዕቃውን ያዳነች ልጅ ተብላ፣ ተመርቃ ትሸኝ ነበር። አንድ ልቧ ሂጂ አላት፤ ይህን ከእናንተ መደበቅ አያምርም። ቦርሳዋንም አንሥታ ነበር።

«ጋሼ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች።

አልገባቸውም። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ኮሌጁ እንደጠራት፣ ከሺህ አራት ሰው አይታ ማንነታቸውን ሳትጠይቅ እንደዘጋች።

«አርባ አንዱንም አይቻቸዋለሁ። አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሌባ ነው ብዬ ጻፍሁ። ተመሰገንሁበት።»

ጋሽ ወልደ አማኑኤል ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

«እኔን?» አሉ በመጨረሻ።

«ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

«ወዳጆ ይጠይቅ ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ እንዲያው እንደ ድሮ አለንጋ ቢያነሡባት ይሻላት ነበር። አሁን እንባዋ መጣና በመዳፏ ጠረገችው።

«ለእኔ ተይው፣ እኔ ምን ሆንሁ» አሉ ቆይተው። «ልጅቷ ናት። ሐሙስ ጠርቼ፣ ሥራ በዝቶብኝ ረስቼሻለሁና ደብረ ብርሃን ወርደሽ ኢንተርኔት ቤት ተመዝገቢ አልኋት። አውቶብሱ ሞልቶ አለፋት። ዓርብ ተሳፍራ ስትደርስ መሽቷል፣ ምዝገባውም አልቋል። ዘንድሮ ደግሞ መቁረጫ ነጥቡ ከፍ አለና በጥቂት ቀረባት።»

«ረስቼሻለሁ አሏት? ሲሞክሩ ውለው?»

«ታዲያ የተናኜ ዕቃ ተበላሽቶ ነው ልበል? ያኛው ለዚያኛው እያለ በገበያው ስምሽ ሊነሣ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ረሳ ብባል አያስደንቅም።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። እውነቷን ነው። ሂጂ፣ ንገሪያት። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው።»

የትምወርቅ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበረች፤ ግን ነጭ ጋውን አልለበሰችም። ሰማያዊ የጽዳት ሽርጥ ታጥቃ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል ከውስጥ ጥግ ጀምራ ወደ በሩ እየወለወለች ነው። ተናኘወርቅ ገብታ አልጋው አጠገብ እስክትቆም ድረስ ቀና አላለችም።

«እትዬ ተናኜ! መቼ ገባሽ?» እጇ እርጥብ ስለሆነ ክንዷን ዘርግታ ጉንጯን ሳመቻት። «ቆይ ልጨርስና እንጫወታለን። አዋላጇ ወለሉ ካልጸዳ አይሆንላትም።»

ተናኘወርቅ እንድትጨርስ አልጠበቀችም፤ ብትጠብቅ እንደማትናገር ታውቃለች።

«የትምዬ፣ ጋሽ ወልደ አማኑኤል አልረሱሽም» አለች። «አምና ኮሌጁ ያልገባሽው በእኔ ነው።»

ሁሉንም ነገረቻት። አላሳመረችውም፤ «ሳላውቅ ነው» የምትለዋንም ቃል አፏ ላይ ደርሳ ዋጠቻት። የትምወርቅ መወልወያውን ይዛ ቆማ ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው የሞከሩልኝ ያልሽው?»

«አርባ አንድ ጊዜ።»

«አርባ አንድ ጊዜ» አለች የትምወርቅ፣ ለራሷ። «በጥምቀት ለት እጃቸውን ዘርግተውልኝ እኮ አለፍኋቸው። ሰው እያየ። እናቴ ተይ ስትለኝ፣ ዕድሌን የቀሙኝ እሳቸው ናቸው አልኋት።»

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሽርጧን ፈትታ እጇን ጠረገችበትና ባልዲው ላይ ጣለችው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ተናኘወርቅ።

«ጋሼ ዘንድ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች። ዐይኗ ቀልቷል።

«ስላንቺ ገና አላሰብሁም» አለች። «ስላንቺ በኋላ አስባለሁ።»

ግቢውን አቋርጣ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ስትሮጥ በመስኮቱ ታየች። ተናኘወርቅ ልትከተላት አንድ እግሯን አነሣችና መልሳ ተወችው። ከእሷ እስከ በሩ ያለው ወለል ሁሉ አሁን የተወለወለ፣ ገና እርጥብ ነው፤ ብትረግጠው የልጅቷን ሥራ ታቆሽሽባታለች። እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆመች።